የአባ ጥቅልል ሳል

«ቋሊማውን! ቋሊማውን አሳዪን!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

ዲያምብራ እንዲህ ሲለምኗት አትቸኩልም። የምንጩ ጠርዝ ላይ ቆማ ከቀሚሷ ላይ የሸክላ አቧራ አራገፈች፤ የአባቷን ካባ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና እስከ አፍንጫዋ ተጠቀለለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ካባው ውስጥ ስትገባ ግን ሰማንያ ሞላት። ጀርባዋ ጎበጠ፤ ጉልበቷ ተብረከረከ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠ።

«ኡህ… ኡህ… ኡህ…» ብላ ሳለች። ግራ ቀኙን ሰረቅ አድርጋ አየች። ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ እጇን ካባው ውስጥ ሰደደችና የሌለ ቋሊማ መዘዘች። አሸተተችው። ዐይኗን ጨፍና በሁለት ጉንጯ አላመጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ላሰች። የመጨረሻው ጣት ላይ ስትደርስ ዘበኛ የመጣባት አስመስላ ክው አለችና «ኡህ! ኡህ! ልሞት ነው፤ አውጡኝ ወገኖቼ!» ብላ ተዘረረች።

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። አንድ ግዙፍ ቆዳ አልፊ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዋጅ ነጋሪው ጋሼ ፓልሜሪዮ፣ ያ ስንት የሞት አዋጅ ሲያነብ ፊቱ የማይፈታው ሰው፣ እንባውን በመለከቱ መያዣ ጨርቅ ይጠርጋል።

«ምላስሽ አይቆረጥ!» አላት። «አምስት ቀን ሙሉ አይቼው ዛሬም አዲስ ሆነብኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት እዚሁ ቪቴርቦ ከተማችን ውስጥ ካረፉ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ካርዲናሎቹ ተተኪ ለመምረጥ ተሰበሰቡ፤ ተሰበሰቡ እንጂ አልመረጡም። ግማሾቹ ለፈረንሳይ ንጉሥ የሚያደላ ይሁን ይላሉ፤ ግማሾቹ በመቃብራችን ላይ ይላሉ። መጀመሪያ ከተማው ለመናቸው። ቀጥሎ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቆለፈባቸው። ቀጥሎ ምግባቸውን ዳቦና ውኃ ብቻ አደረገው። ያም አልበቃ ሲል «መንፈስ ቅዱስ የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ይሆናል» ተባለና በዚህ በሰኔ ወር ጣሪያቸው ተነሣ። ሌላ ከተማ ይህን ቢያደርግ እብድ ይባል ነበር። እኛ ግን ኮራንበት።

ጣሪያውን የማንሣቱ ሥራ የደረሰው ለዲያምብራ አባት ለጌራርዶ ነው። ከሠራተኞቹ ሁሉ በቀጭኑ የጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ ሳትንገዳገድ የምትሄደው ደግሞ ልጁ ብቻ ነበረች። እሷ ሸክላውን እየነቀለች በቅርጫት ታወርዳለች፤ እሱ ታች ሆኖ በየረድፉ የኖራ ምልክት እያደረገ ይከምራል። አዲሱ ሊቀ ጳጳሳት የተመረጡ ዕለት እያንዳንዱ ሸክላ ወደ ቦታው መመለስ አለበትና። እና ዲያምብራ እዚያ ከፍታ ላይ ሆና፣ ከተማው ሁሉ ሊያየው የሚመኘውን ታያለች። እነዚያ ትልልቅ ጌቶች አዳራሹ ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ ካልሲያቸውን ገመድ ላይ አስጥተው፣ ስለ ዳቦ ቅርፊት ሲጣሉ። ያየችውን ቀትር ላይ ወርዳ ታሳያለች። ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸዋለች። ከሁሉም የተወደደው ግን ቀን ከሌት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚያስለው ሽማግሌ፣ አባ ጥቅልል ነው።

ጋሼ ፓልሜሪዮ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ሥራው ትዝ አለው። መለከቱን ነፋ።

«ስሙ! ከካርዲናሎቹ አንዱ፣ እኒሁ የሚያስሉት አዛውንት፣ በጠና ታመናልና የመምረጥ መብታችንን ትተን እንውጣ ብለው ለከተማው ጽፈዋል! ሐኪሙም ሞት አፋፍ ላይ ናቸው ይላል! ሸንጎው ነገ ጠዋት ይቀመጥበታል!»

 ቆዳ አልፊው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ቋሊማው አልቆባቸው ነዋ!» ብሎ ጮኸ፤ አደባባዩም እንደገና በሳቅ ፈረሰ።

«ሐኪሙ የነሱን ገንዘብ የሚበላ ነው!» አለ ሌላው።

«አንዱ ከወጣ ነገ ሁሉም ይታመማሉ! ምርጫው ቀረ ማለት ነው!»

«ደግሞስ ዲያምብራ በዐይኗ አይታለች! በሩ ላይ ቆመን እናድራለን፤ አንድም ሰው አይወጣም!»

«በዐይኗ አይታለች» የሚለው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ዲያምብራ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጠና ጠና ያሉ ሰዎች የአንዲት ጣሪያ ሠሪ ልጅን ስም እየጠሩ ሲከራከሩ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ካባውን አጣጥፋ ከምንጩ ወረደች።

ኔዛ ታች ትጠብቃት ነበር። ኔዛ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፤ በየጠዋቱ ዳቦውን በበሩ መስኮት የምታስገባው፣ ማታ ባዶውን ቅርጫት የምትወስደው እሷ ናት። ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። ዛሬ ግን ኔዛ አልሳቀችም።

«ዳቦው ይመለሳል» አለች።

«የማን ዳቦ?»

«የአባ ጥቅልል። አራት ቀኑ ነው። ዛሬማ ጭራሽ አልተነካም።»

«ቋሊማ የጠገበ ዳቦ ምን ያደርግለታል!» አለች ዲያምብራ። ነገሩ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው፤ ሰሞኑን ቀልዱ ራሱ ይናገርላታል።

ኔዛ አሁንም አልሳቀችም። «ዲያምብራ፣ የምሬን ነው። አየሽው? ቋሊማውን በዐይንሽ አየሽው?»

ይህኔ ነበር እውነቱን መናገር። የጠየቀቻት ኔዛ ብቻ ናት። ግን ጋሼ ፓልሜሪዮ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጥቅሻ ጣለላት፤ ሁለት ልጆች ከኋላዋ «ኡህ! ኡህ!» እያሉ ይስቃሉ።

«አየሁት አልኩሽ እኮ! ምን ሆነሻል?» አለች።

ኔዛ ትከሻዋን ነቅንቃ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ሲንጎራጎር ጌራርዶ ቀና ብሎ አየና «ዝናብ ሳይመጣ ውጪና የታችኛውን ወራጅ ገመድ ፍቺ፤ ነፋስ ከያዘው ወራጁን ይነቅልብኛል» አላት። እስክትወጣ ዝናቡ ደረሰ። የሰኔ ዝናብ መሆኑ ነው፤ መጣሁ አይል፣ ቆይ አይል።

ዲያምብራ ወራጁን በእጅ በእግሯ ጨብጣ ገመዱን ፈታች። ታች አዳራሹ ውስጥ ጌቶቹ እየተጯጯሁ ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ወደ ድንኳኖቻቸው ሮጡ። አንዱ ድንኳን ብቻ ነፋሱ ገልብጦታል። ከሥሩ የጭድ ፍራሽ ላይ አንድ የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። አይሮጥም። ሁለት አገልጋዮች ድንኳኑን ለማቅናት ሞክረው አቃታቸውና ችካል ፍለጋ ሄዱ።

«አንቺ ድመት!» አለ ከሥሯ አንድ ቀጭን ድምፅ። «ወይ ውረጂ ወይ ወግጂ። ውኃ ታንጠባጥቢብኛለሽ።»

«እኔ አይደለሁም አባታችን፤ ሰማዩ ነው።»

«እሱንስ ቢሆን የከፈትሽው አንቺ አይደለሽ?»

ዲያምብራ ወደ ታች አጎነበሰች። ሽማግሌው በጀርባቸው ተኝተው ቀጥ አድርገው ያዩዋታል። ከላይ ከጫፍ ሆና ስታያቸው የነበረው ብርድ ልብሱን ብቻ ነው። ዛሬ ግን ታችኛው ወራጅ ላይ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በማይበልጥ ከፍታ ላይ ናትና ፊታቸውን አየች። ጉንጫቸው ገብቶ ጥርሳቸው በቆዳቸው ሥር ይቆጠራል። ዝናቡ ዐይናቸው ውስጥ እየገባ እንኳ እጃቸውን አንስተው አይጠርጉትም።

«ልጠይቅሽ» አሉ። «በየቀኑ ቀትር ላይ ሕዝቡ ይስቃል። እዚህ ድረስ ይሰማናል። ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ጨዋታ ነው።»

«የምን ጨዋታ?»

«ስለ… ስለ አንድ ሽማግሌ።»

«እና ያስቃል?»

«ያስቃል» አለች።

«እንግዲያው ንገሪኛ። እኔም ልሳቅ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።»

ይህን እንዳሉ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ዲያምብራ አደባባይ ላይ እንደምታሳየው ዓይነት ሳል አይደለም። ሰውነታቸውን ከፍራሹ እያነሣ ይጥለዋል። ከብርድ ልብሱ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥተው አፋቸው ላይ ያዙ፤ የደረቀ ደም ዳማ ያደረገው፣ እንደ ጣት የጠነከረ ጨርቅ። አሁን ደግሞ ጫፉ ቀላ።

ዲያምብራ ያን ጨርቅ ታውቀዋለች። ከአምስት ቀን በፊትም ያየችው እሱኑ ነው። ያን ዕለትም ጨርቅ መሆኑን አውቃ ነበር። ከላይ ሆና «ጨርቅ ነው፤ ግን ቋሊማ ቢሆን እንዴት ባሳቀ!» ብላ ነበር ለራሷ። ከዚያ ወረደችና ቋሊማ አደረገችው።

ሳሉ ሲለቃቸው «ለምን አትመርጡም?» አለች። ንዴት ያዛት፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። «መርጣችሁ አትገላገሉም? ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር!»

«አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ አንድ ስም ብቻ ነው የሰጠሁት። ዛሬም ቢጠይቁኝ እሱኑ ነው የምሰጠው። ግትር ነኝ። በግትርነቴ ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ አበሳጭተናችኋል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ግን ድምፄን ትቻለሁ፤ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። እንግዲህ ከናንተ የምፈልገው ደረቅ አልጋ ነው። አንድ ሌሊት ይሁን፣ ሁለት። ይህም ይበዛብኛል?»

አገልጋዮቹ ችካል ይዘው ሲመለሱ ዲያምብራ ገመዷን ሰብስባ ወረደች። በዚያ ወራጅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረቷ እየተሳበች ነው የወረደችው።

አባቷ ከሸክላው ክምር ሥር፣ በቆዳ ምንጣፍ ተከልሎ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሟል።

«አባዬ፣ ቋሊማ አልነበረም» አለችው።

«ምን አልነበረም?»

«ቋሊማ። ጨርቅ ነበር። ደም የሚተፉበት ጨርቅ። ያን ቀንም አውቄ ነው።»

ጌራርዶ ፈገግ ሊል አለና ተወው። ከሕዝቡ ሁሉ አብልጦ የሳቀው እሱ ነበር። በየመጠጥ ቤቱ «የኔ ልጅ እኮ ናት» እያለ ለስንቱ ነግሯል። ጢሙን ጨመቀ።

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ትል ነበር እናቴ» አለ። «ግን የሰው ቤት ያጠፋል አላለችም።»

«ነገ ሸንጎ ፊት ሄጄ ዋሸሁ ብልስ?»

«ሥራውን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። የውሸታም አባት ጣሪያ ይመልስ ብለው ያምኑኛል? ያንቺ ደግሞ የባሰ ነው። ይህች ከተማ ስትወድ እንዲህ ነው፤ ስትጠላ ደግሞ አላየሽም።»

«እና ዝም ልበል?»

ጌራርዶ የቆዳ ምንጣፉን ጫፍ አንሥቶ እሷንም ከለላት። ዝናቡ ቆዳው ላይ ይንጫጫል።

«ብትሄጂ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። «ባትሄጂም አልቆጣሽም፤ ልጅ ነሽ። ቀትር ላይ ቋሊማውን ስታሳዪ ግን ከእንግዲህ ለማየት አልመጣም።»

በማግስቱ ጠዋት የሸንጎው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መግቢያ ያጣው ደረጃው ላይ ቆሟል። ዳኛው፣ ረዥምና ደረቅ ያለ ሰው፣ መሐል ተቀምጧል፤ የየሰፈሩ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ። ሐኪሙ ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም። ከዚያ አንድ ወፍራም ሱፍ ነጋዴ ተነሣ።

«ጌቶቼ፣ ምን ያደክመናል? ምስክር አለን። የጣሪያ ሠሪው ልጅ ሰውየው ቋሊማ ሲበሉ አይታለች። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ቋሊማ ይበላል? ይህን ካላችሁ እኔም ከነገ ጀምሮ በሽተኛ ነኝ!»

አዳራሹ ሳቀ። ዲያምብራ ከአባቷ ጎን ተነሥታ መሐል ገባች። ሰዉ ሲያያት ፊቱ ፈካ፤ «ዲያምብራ! ዲያምብራ!» አለ። ስሟ እንዲህ ሲጠራ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምትሰማው ታውቀዋለችና ጩኸቱን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ዋሽቼ ነው» አለች።

ሳቅ።

«እውነቴን ነው። ቋሊማ አላየሁም። ፈጥሬ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዛሬ ደግሞ ንስሐ አመጣች!» አለ ቆዳ አልፊው፤ ሳቁ ከኋላ እስከ ፊት ተያያዘ። ዲያምብራ ፊቷ ጋለ። «የምሬን ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሰዉ የባሰውን ሳቀ። እግሯን መሬት መታች፤ አጨበጨቡላት። ምን ብታደርግ ጨዋታ ይሆናል። እንባዋ ሲመጣ እንኳ ከኋላ አንድ ሴት «እንባዋን እዩት፤ የተዋጣላት!» አለች።

ሰው ማሳቅ ታውቃለች። ሳቅን ማቆም ግን ሞክራም አታውቅም። ቆም ብላ አሰበች። አደባባይ ላይ እጇን ባታንቀሳቅስ፣ ድምፅዋን ባትለውጥ ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? እጆቿን ወደ ታች ለቀቀች። የማንንም ዐይን አልፈለገችም። ዳኛውን ብቻ እያየች ጠበቀች። ሳቁ ቀስ እያለ ሳሳ፤ አንዱ ጋ ቆመ፤ ሌላው ጋ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ ሲል የራሷ ትንፋሽ ተሰማት።

«ያየሁት ጨርቅ ነበር» አለች በራሷ ድምፅ። «ደም የሚተፉበት። ትላንት ከቅርብ አየኋቸው። እየሞቱ ነው።»

ዳኛው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ዛሬ እየዋሸሽ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ወንጌል ላይ እጅሽን ጭነሽ ከማልሽ እቀበልሻለሁ። ሕጉን ግን ስሚ። የሐሰት ወሬ ነዝቶ ሰውን የጎዳ ሰው፣ አዋጅ ነጋሪ በአራቱም ሰፈር ስሙን ይጠራል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ምስክር አትሆኚም። አየሁ ብትዪ፣ ሰማሁ ብትዪ፣ ቃልሽ ቃል አይባልም።»

«እስከ መቼ?»

«ሸንጎው እስኪያነሣልሽ። ዓመት ይፈጅ፣ አሥር ዓመት ይፈጅ፣ እኔ አላውቅም።»

«አዋጁ የግድ ነው?» አለ ጌራርዶ ከመቀመጫው።

«የግድ ነው። በሩን የያዘው ሕዝብ የሚያምነው እኔን አይደለም፤ ልጅህን ነው። አውጧቸው ብዬ ባዝዝ ቃሬዛውን መንገድ ላይ ይደፉታል።»

ዲያምብራ ዞር ብላ አባቷን አየችው። ጌራርዶ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። መጽሐፉ ቀረበ። ከፍታ ላይ ስትወጣ አንድ የምታውቀው ነገር አለ፤ ወራጁ ላይ እግርሽን ካነሣሽ መልሰሽ ማሰብ የለም። እጇን ጫነች፤ ማለች።

ከሸንጎው የካርዲናሎቹ ቤተ መንግሥት እስካለበት እስከ ሳን ሎሬንሶ አደባባይ አጭር መንገድ ነው። ጋሼ ፓልሜሪዮ ከፊት ከፊቷ ሲሄድ መለከቱ ከብዶት የነበረ ይመስላል። የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሃያ ያህል ሰዎች ዱላ ይዘው ቆመዋል፤ እዚያው ቆመው ነው ያደሩት። ጋሼ ፓልሜሪዮ ደረጃው ሥር ቆም ብሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ስምሽን ልዋጠው። 'አንዲት ልጅ' ብዬ አልፋለሁ። አፌን ሞልቼ ባልጠራው ማን ያውቅብኛል?»

«እነሱ ያውቃሉ ጋሼ። 'የትኛዋ ልጅ?' ይላሉ። ከዚያ ማንም ከበሩ አይነሣም።»

«ዕድሜ ልክሽን እኮ ነው…»

«ከነአባቴ ስም ይጥሩት። ደግሞ ጮክ ብለው።»

ጋሼ ፓልሜሪዮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መለከቱን ነፋ፤ ድምፁን እንደ ሞት አዋጅ ሳይሆን እንደ ራሱ መርዶ አድርጎ ጮኸ። «ስሙ! የጣሪያ ሠሪው የጌራርዶ ልጅ ዲያምብራ፣ ስለ ካርዲናሉ የተናገረችው ሐሰት ነው! ራሷ በወንጌል ምላለች! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ቃሏ አይታመንም!»

አንድ ሁለቱ «ቋሊማ!» ብለው ጀመሩ። ዲያምብራ አልተነቃነቀችም። ቆዳ አልፊው ከሸንጎው በሌላ መንገድ ቀድሟቸው በሩ ጋ ደርሷል። ዱላውን ይዞ እስከ አፍንጫዋ መጣ።

«እውነት ነው? ምንም ቋሊማ የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«እኔ እዚህ ዝናብ ሲወርድብኝ ያደርኩት በአንቺ ቀልድ ነው?»

«አዎ።»

 ቆዳ አልፊው መሬቱ ላይ እንትፍ ብሎ ዱላውን ግድግዳው ሥር ወረወረና ከበሩ ዞር አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት፤ አንዳቸውም አላዩዋትም። ከኋላቸው የዳቦ ቅርጫቷን ያቀፈች ኔዛ ብቻ ቀረች።

«ለኔ እንኳ ዋሸሽ!» አለች ኔዛ።

«ለአንቺም» አለች ዲያምብራ። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ኔዛ ይቅር አላለቻትም፣ አልሰደበቻትምም። ከኋላዋ የበሩ ብረት ሲንኳኳና መቀርቀሪያው ሲነሣ ተሰማ። ውስጥ ቃሬዛ የያዙት አገልጋዮች ተሰልፈው ቆመዋል።

ጋሼ ፓልሜሪዮ የመለከቱን አፍ በጨርቅ ጠረገ። «በይ አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ። የቀሩትን ሦስት ሰፈሮች እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። መቆም የለብሽም፤ ሕጉም አያስገድድሽም።»

ዲያምብራ በሩን አየች፤ ከዚያ ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ። ቃሬዛው ከከተማው የሚወጣው በእነሱ ሰፈር በር ነው። የሚያውቋት ሁሉ እዚያ ናቸው። እናቷ ልብስ የምታጥብበት ምንጭ፣ በሕፃንነቷ ያዘሏት አሮጊቶች፣ «ኡህ! ኡህ!» የሚሉት ልጆች። ካላዩዋት ጋሼ ፓልሜሪዮ የቀለደ ይመስላቸዋል።

«የኛን ሰፈር እናስቀድም» አለችና ቀድማው መንገድ ጀመረች።